በሜንጎ ቤት ገዝቶ ስለ ማከራየት የተደረገ ንግግር



ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ በካምፓላ በሜንጎ ኮረብታ አካባቢ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው፥ ስለ ጡቡና ስለ ቆርቆሮው ከመጠየቁ በፊት መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሜንጎ የቡጋንዳ ካባካ መናገሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ቡጋንዳ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረገችው ውል መሠረት፥ ለካባካውና ለመኳንንቱ በካሬ ማይል እየተለካ የተሰጠው ርስት እስከ ዛሬ «ማይሎ» ይባላል። በዚህ ርስት ላይ ግን ባለርስቱ ብቻውን አይደለም፤ «ኪባንጃ» የተባለ ይዞታ ያለው፥ እንደ ጭሰኛ የሚቈጠር ሰው ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። በ1928 የወጣው ሕግ ይህ ሰው ለባለርስቱ የሚከፍለውን ወሰነለት። የ1998ቱ የመሬት ሕግና የ2010 ማሻሻያው ደግሞ፥ የዓመት ክፍያውን ባለመክፈሉ በፍርድ ቤት ካልተወሰነበት በቀር፥ በሕግ የታወቀ ባለይዞታ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላሉ። እንግዲህ የባለርስትነቱን ወረቀት ብቻ አይቶ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው፥ ሌላ ባለመብት ተቀምጦ ቢያገኝ በማን ያማርራል? መዝገቡን በመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤቶቹንና የመንደሩን ምክር ቤት ሊቀ መንበር መጠየቅ ያሻል።

ገዢው የኡጋንዳ ዜግነት የሌለው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ፥ ማይሎ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የሚፈቀድለት ከ99 ዓመት የማይበልጥ የሊዝ ውል ነው።

የቀረው ይቀላል። «ሙዚጎ» የሚባሉት በመደዳ የተሠሩ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ለጀማሪ ይመቻሉ፤ አንዱ ተከራይ ቢወጣ ሌሎቹ ይከፍላሉና። በ2022 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፥ ኪራዩ 500,000 ሺሊንግና ከዚያ በላይ ሲሆንም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን አዟል። ከዚህ ያነሰውም ቢሆን በጽሑፍ ቢደረግ ይሻላል።