ሌሊቱ ለረዘመባቸው



ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተመላልሰው የካንሰር ሕክምናቸውን የፈጸሙትን ስንጠይቅ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» እንላቸዋለን። አንዳንዶቹ ግን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ እንደሚያነጉት አይነግሩንም፤ ምስጋና ቢስ እንዳይባሉ ይፈራሉ።

ይህ ችግር ከሕክምናው በኋላ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳሰበው፣ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መቅደም ያለበት ክኒን ሳይሆን ልማድንና አሳብን የሚያቀና ምክር ነው። ይኸውም፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፤ እምቢ ካለ ከአልጋ ወርዶ በጸጥታ መቀመጥ፣ ሲመጣም መመለስ፤ ቀን ቀን በእግር መንሸራሸር። ሕመም ወይም ላብ የሚቀሰቅሳቸውን ግን ወደ ሐኪማቸው እንሸኛቸው።

እኛስ? አመሻሽ ላይ እንሄዳለን፤ ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ አብረውን ይጠጣሉ። ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ በሰውነታቸው ውስጥ አለ። እንግዲህ በቀን እንሂድ፤ አብረናቸውም እንራመድ። «እንዴት አደራችሁ?» ስንልም መልሱን ለመስማት እንቀመጥ።