ካሜራ የያዘችውን ማን ያንሳት?

በማኅበራችን የቅዳሜ የቡና ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የተጠየቅነው ስለ ቁጠባና ብድር አይደለም። በየቅዳሜው ማለዳ ልደታን እየዞርን ፎቶ ስለምናነሳው ሴቶች እንድንናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ “ሥራ ፈቶቹ” እንደምትሉን እናውቃለን፤ አልተቀየምንም።

የጀመርነው በግንቦት ልደታ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ንፍሮውና ዳቦው ቀርቦ፣ ቡናው እየፈላ በስልካችን አነሳን። ቤት ገብተን ስናየው ነጠላው ቦግ ብሎ ፊታችን ጠቁሯል፤ ማን ማን እንደሆነች እንኳ አይለይም። በሌላ ቅዳሜ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት አየንና እያፈርን ጠየቅነው። ሙያው ፎቶ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ፎቶ የሚያነሳው ለራሱ ደስታ ነው። ካሜራ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉንም እንደሚያጨልመው አስረዳን። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ስልኩ ላይ ፊቷን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ሰውዬዋን ከፀሐይ ወደ ጥላ ማምጣት። ቁርሱን ሳይበላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመልን። ስንት እንክፈልህ ብንለው “እኔም በነፃ ነው የተማርኩት” አለን።

በሂሳብ ሥራ ለምንተዳደር ሰዎች ይህ ትንሽ ግራ ያጋባል። እኛማ ደብተር ከፍተን ነበር! ባትሪ ማን አዋሰች፣ ሜሞሪ ማን ወሰደች፣ የካሜራ ማቆሚያው ማን ቤት አደረ እያልን ሦስት ወር መዘገብን። ሊመጣጠን አልቻለም። ባትሪ ያበደረችው ሳትቀበል ቀርታ፣ በምትኩ ሌላዋ ልጇን ጠብቃላት ተገኘች፤ ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ደብተሩን ዘጋነው።

ከዚያ የሌንሱ ነገር መጣ። ከዚያው ወጣት የተዋስነው ሌንስ በአንዲት እህታችን እጅ ሳለ ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምስል ማጥራት እምቢ አለ። እያለቀሰች የቁጠባ ደብተሯን ይዛ መጥታ “ከዚህ ላይ ቀንሱ” አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችን “ያበላሸች ትክፈል፣ ደንባችን ይህ ነው” ያልንም ነበርን። ወጣቱ ግን ከቁጠባዋ አምስት ሳንቲም አልነካም አለ። በመጨረሻ ሁላችንም እኩል አዋጥተን ጠጋኙ የጠየቀውን ብቻ ሰጠነው።

እሷ ግን አፈረች፤ አምስት ቅዳሜ ቀረች። ቡናና ስኳር ይዘን ቤቷ ሄድን። ስለ ሌንሱ ማንም አላነሳም። ስንወጣ ካሜራውን እሷው ዘንድ ትተነው ወጣን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛው መጣች።

እንዲህ ያለው ልግስና በልደታ ብቻ የምናየው አይደለም። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የሚባለውን የድሮ ፎቶዎች ስብስብ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። ያ ስብስብ የተገኘው የከተማው ሰው አልበሙን ከቤቱ አውጥቶ ስላዋሰ ነው። በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ ታስቦ በፈረንጆቹ 2010 የተጀመረውን አዲስ ፎቶ ፌስትም የመሠረተችው ሴት ናት፣ አይዳ ሙሉነህ። ይህን የምናነሳው “ካሜራ የወንድ ዕቃ ነው” ለሚሉን ነው።

ስብስቡን ካየን በኋላ የየቤታችንን አልበም አወረድን። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የልጆች ልደት አለ። እኛ የለንም። ወይ ጓዳ ወጥ እያወጣን ነበር፣ ወይ ስልኩን የያዝነው እኛው ነበርን። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የተበተኑ ጎረቤቶቻችንም ብዙዎቹ በደጃፋቸው ቆመው የተነሱት አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመለያየታችን በፊት እያንዳንዳችን በሌላዋ ሳንነሳ ወደ ቤት አንሄድም።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ እናታችን አረፉ። እድሩ ድንኳን ጥሎ፣ ልጆቻቸው ለለቅሶው የሚቆም ፎቶ ቢፈልጉ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቱ ተፍቆ። ሌሊቱን ሌንስ የወደቀባት እህታችን ሜሞሪዋን ይዛ መጣች። እናታችን በባቡሩ መስመር አጠገብ፣ በጥላ በኩል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ፊታቸው ጥርት ብሏል። በትልቁ አሳጥበን ድንኳኑ ውስጥ አቆምነው።

ልጃቸው ቆይታ “በምን ነው እንዲህ የሳቁት?” ብላ ጠየቀች። እንዳይወድቅባት ብላ የካሜራውን ማሰሪያ በአንገቷም በክንዷም ጠምጥማ፣ መፍታት አቅቷት ስትታገል አይተው ነበር የሳቁት። ይህን ስንነግራት ድንኳን ውስጥ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን፤ ቀባሪው ዞሮ አየን።

ለደጋፊዎቻችን፦ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ካሜራ ወይም ስልክ ካላችሁ፣ ባትሪው የሞተም ቢሆን እንቀበላለን። በንብረት መዝገብ አስገብተን ደረሰኝ እንሰጣለን፤ ይህኛውን መመዝገብ አያቅተንም።

ለአባላት፦ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነን። ፀሐይ ሳትከር ነው የሚያምረው፣ አታርፍዱ። ካሜራ የሌላት ባዶ እጇን ትምጣ።