ቁጥሩን እናክብር፣ ልጁንም እንጠይቅ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር» አሉኝ። ከምሳ በኋላ ስታትስቲክስ ሰው እንደሚያስተኛ ስለማውቅ፣ በምኖርበት አሜሪካ ስለማየው ቤዝቦል ላውራችሁ። አይዟችሁ፣ ሕጉን አላስተምርም። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል፤ ለዛሬ ይህ ይበቃናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ ይጫወታል፤ እያንዳንዱ ምት ይመዘገባል። ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን ተጫዋች የሚመረጠው በአብዛኛው በዓይን ነበር። መልማዮች ቁመናውንና ሩጫውን አይተው «ይሄ ልጅ ይሆናል» ይላሉ፤ አለቀ። ቢል ጄምስ የሚባል ሰው በካንሳስ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ፣ እንዲህ ያለውን አባባል በቁጥር መፈተን ጀመረ። በ1977 የመጀመሪያ ጥራዙን በራሱ አሳተመ።

የኦክላንድ ቡድን ይህን መንገድ ተከተለ። መጥፎ ውርወራን በትዕግሥት እያሳለፈ ቤዝ ላይ የሚደርስ መቺ በገበያው ርካሽ ነበር፤ እሱን ፈለጉ። በ2002 ከያንኪስ የደመወዝ ወጪ ሲሶ ገደማ ብቻ ይዘው 103 ጨዋታ አሸነፉ፤ ሃያውን በተከታታይ። ቁጥር አንዳንዴ የድሃ ወዳጅ ነው።

ግን ያው ቡድን በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በሚኒሶታ 3 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ። በ162 ጨዋታ የታየ ብልጫ በ5 ጨዋታ ላይታይ ይችላል። ከጥቂት ውጤት ትልቅ ፍርድ አይወጣም።

ደግሞ ቁጥሩ የማንን ሥራ እንደሚለካ መጠየቅ አለብን። በ2010 የሲያትሉ ወርዋሪ ፌሊክስ ሄርናንዴዝ 13 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ይህን ብቻ ያየ «ተራ ነው» ይላል። እሱ ግን በሊጉ ጥቂት ነጥብ የሚቆጠርበት ወርዋሪ ነበር፤ ነጥብ ያላስቆጠሩለት የራሱ መቺዎች ናቸው። መራጮቹ ይህን አይተው የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ሰጡት።

ከሁሉ የሚከፋው ጭራሽ ያልተቆጠረው ነው። ጆሽ ጊብሰን ጥቁር በመሆኑ ዋናው ሊግ በሩን ዘጋበት፤ በ1947 መጀመሪያ ላይ ሞተ። የጥቁሮቹ ሊጎች መዝገብ በ2024 ከዋናው ጋር ሲዋሐድ፣ በመምታት አማካይ የምንጊዜም መሪ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ ሙሉ ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ዋርኒንግ ነበርኩ። ግሬዴ አልዋሸም፤ ያን ሴሚስተር አላጠናሁም። ለምን እንዳላጠናሁ ግን ወረቀቱ አያውቅም። አባቴ ታመው በየሳምንቱ ወደ ቤተሰብ እመላለስ ነበር። አንድ መምህር ቢሮአቸው ጠርተው «ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ውጤቴን አልቀየሩልኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። «ያመለጠህን ምዕራፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ና፣ እናየዋለን» አሉኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችን፣ ግሬዱን እንዳለ አስገቡ፤ ለልጁ ተብሎ ቁጥር አይታሽ። ግን ዝርዝሩ ላይ ድንገት የወረደ ስም ስታዩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንዴ ጥሩት።