እንዴት አደራችሁ?

የዲላና የአካባቢዋ አድማጮች፣

ዛሬ እንቅልፍ አጥታችሁ ያደራችሁ አላችሁ። የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሲጮህ አድሯል። ወዲህ ዞራችሁ፤ ጮኸ። ወዲያ ዞራችሁ፤ ጮኸ። ሲነጋ ልባችሁ በጎረቤታችሁ ላይ ሻክሯል።

ግን ውሻው ለምን ይጮኻል? ምናልባት ገመዱ አጥሮበታል። ምናልባት ዝናብ እየመታው አድሯል። በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይጠብቃል፤ የባለቤቱ የዓመት ልፋት እዚያ ነው። ይህን ከአጥር ማዶ ሆነን አናውቀውም። ድንጋይ ብንወረውርም አናውቀውም። የተመረዘ ሥጋ መጣልማ ነውር ነው፤ እንስሳው ምን አጠፋ?

ጌዴኦ ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ ያለው ሕዝብ ነው። ሰው ሲጋጭ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለቱንም ይሰማሉ። ለአንድ ውሻ ግን ሽማግሌ እስኪቀመጥ ለምን እንጠብቃለን? ቡና ስንጠራራ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ጎረቤቴ፣ ውሻው ሌሊት ምን ሆኖ ነው?» በስድብ አትጀምሩ። በዚህ ጀምሩ፦ «ምን ሆኖ ነው?»

እናንተም ውሻ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ጩኸቱን እናንተ ለምዳችሁታል። ጎረቤት አልለመደውም። ዛሬ ከቤት ስትወጡ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። «እንዴት አደራችሁ?» በሉ። መልሱንም ቆማችሁ ስሙ።