ዐዋቂው ተማሪና የእንግሊዝኛ ሰዋስው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በዕድሜ ከበሰሉ በኋላ የእንግሊዝኛን ንባብና ሰዋስው ከመጀመሪያው ስለሚጀምሩ ሰዎች ነው። ነገሩ መላ አገራችንን የሚመለከት ቢሆንም፤ ምሳሌዎቼን የማመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፤ ይልቁንም ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ ነው። ይህንንም ስፍራ ስለ ምን እንደ መረጥሁት ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ሰው በሐሳባችን እንመልከት። ይህ ሰው የቢቸና ነዋሪ፤ አማርኛ አንብቦ የሚጽፍ፤ በልጅነቱም ዳዊት የደገመ ጎልማሳ ነው እንበል። ልጁ ታምማበት፤ በቤቱ ተቀምጦ የቆየ መድኃኒት አወጣ። በመያዣው ላይ «ዱ ኖት ዩዝ አፍተር» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ስድስተኛ ወር 2025 የሚል ቁጥር ተጽፎአል። ሰውየው ቃሉን ማንበብ አይችልም፤ ቁጥሩን ግን ያነባል። ጊዜው በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ቢሆን፤ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ መድኃኒቱን ለልጁ ይሰጣታል። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የእነርሱ ስድስተኛ ወር የሚያልቀው በእኛ ሰኔ ወር ስለ ሆነ፤ የመድኃኒቱ ጊዜ በሰኔ 2017 ዓ.ም. አልፎአል። ቃሉም የሚለው «ከዚህ ጊዜ በኋላ አትጠቀም» ነው። ፈጽሞ ማንበብ የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ ጐረቤቱን ወይም የጤና ባለሙያውን ይጠይቅ ነበር። ይህን ሰው ያሳሳተው ግማሹን ማወቁ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በሰፊው የሚነገረው እንግሊዝኛ ለሹመት ወይም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ እንደሚያስፈልግ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከዚህ ዝቅ ያለውንና ይበልጥ የሚቀርበውን ጥቅም ነው። በመድኃኒት ሣጥን፣ በጸረ ተባይ ጠርሙስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በእጅ ስልክ ላይ እንግሊዝኛ ተጽፎ ገጠር ድረስ ገብቶአል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በአገሩ ቋንቋ እንዲያነብ አድርጎአል። ይህም ትክክለኛው መጀመሪያ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አማርኛ ማንበብ የማይችል ሰው አስቀድሞ አማርኛውን ይማር እላለሁ። አማርኛውን አንብቦ የጨረሰ ዐዋቂ ግን ሁለተኛውን በር ማንኳኳት ይገባዋል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ፤ ስለዚህ በብዙ ቤት ልጅ ለአባቱና ለእናቱ አንባቢ ሆኖአል። ልጅ ከቤት በሌለበት ቀን ግን ሣጥኑ ዝም ይላል።

ዐዋቂው ለመማር ሲነሣ ሁለት እንቅፋት ያጋጥመዋል። አንደኛው ኀፍረት ነው። የልጆች አባት የሆነ ሰው፤ በዕድሜ ከልጁ ከሚያንስ መምህር ፊት ቆሞ መሳሳት ይከብደዋል። ሁለተኛው የአስተማሪው ሥርዓት ነው። ብዙ አስተማሪ «ናውን ማለት ይህ ነው፤ አድቨርብ ማለት ያ ነው» እያለ የሰዋስውን የክፍል ስም ያስጠናል። ተማሪው ከሦስት ወር በኋላ ስሞቹን በቃሉ ይላቸዋል፤ የመድኃኒቱን ሣጥን ግን አሁንም አያነበውም። ተስፋ ቈርጦ የሚቀረውም በዚህ ጊዜ ነው።

ቢቸናንና ሞጣን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን ያያይዛል። በዚህ አውራጃ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም በትምህርት የታወቁ ስፍራዎች ናቸው። ጎጃምም በጠቅላላው የቅኔ አገር ነው። በዚህ አገር ሰዋስው እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚወጣ ሰው እግሩን የሚያነሣው ከቆመበት መሬት ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ዐዋቂው አስቀድሞ ከሚያውቀው ከአማርኛና ከግእዝ አንሥተን ብናስተምረው፤ ትምህርቱ ግማሹ ያለቀለት ሆኖ ይገኛል።

ለዚህም አንድ ታላቅ ምስክር አለን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው፤ የቤተ ክህነቱን ትምህርት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። ኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። በስደትና በእስራት ካለፉም በኋላ አገራቸውን በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና በሎንዶን ወክለዋል። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የቅኔ ቤቱ ትምህርት የውጭውን ትምህርት እንዳልከለከላቸው ከሕይወታቸው እንረዳለን።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። የመጀመሪያው እርከን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ሲሆን በሰባት ሰባት ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ የእንግሊዝኛው 26 ብቻ ነው። ይህ ለተማሪው ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ ሆኖም የቁጥሩ ማነስ ያታልላል። የእኛ «ማ» በአንድ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ይይዛል። በእንግሊዝኛ ግን ለ«መ» ድምፅ ኤም፣ ለ«አ» ድምፅ ኤ ለየብቻ ይጻፋሉ። አናባቢዎቹም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ የሚባሉ አምስት ፊደላት ናቸው። ደግሞም የፊደሉ ስምና ድምፁ ይለያያሉ። ለእኛ «በ» ሲጠራም «በ» ነው፤ ሲነበብም «በ» ነው። «ኤም» ግን በቃል ውስጥ ሲገባ «ም» ብቻ ይሆናል። አስተማሪው ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልነገረ፤ ተማሪው ስሙን እያነበበ ድምፁን ያጣዋል።

ብዙ ሰዎች «የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከንባቡ አይገጥምም፤ ስለዚህ አስቸጋሪ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ቢላዋ ማለት የሆነው «ናይፍ» በአምስት ፊደል ሲጻፍ፤ መጀመሪያ ያለው ኬ እና መጨረሻ ያለው ኢ አይነበቡም። ነገር ግን እኛስ «አለ» ብለን ስንጽፍ፤ አንዱ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» የሚለውም ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ ነው። ጽሑፉ አንድ ሲሆን፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ለይቶ ያነበዋል። በእንግሊዝኛም አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ የተባሉት አራት ፊደላት ዛሬ ለሚያነብ «ሪድ»፤ ትናንት ላነበበ «ሬድ» ተብለው ይነበባሉ። አማርኛ አንባቢ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል እየጻፉ ማጥናት ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ልማድ ከሆነ ግን ይጎዳል። እንግሊዞች መርከብን ሲጠሩ ድምፁን ያሳጥራሉ፤ በግን ሲጠሩ ያስረዝማሉ። በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ይሆኑብናል። በግ ሊሸጥ የወጣ ሰው መርከብ ሸጦ እንዳይመለስ፤ ዐይን የእንግሊዝኛውን ፊደል፤ ጆሮም የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይልመድ።

ንባቡንም በአገራችን ሥርዓት ማስተማር ይቻላል። በንባብ ቤት ተማሪው ጽሑፉን በአንድ ጊዜ አይወጣውም። መጀመሪያ በግእዝ ንባብ ፊደሉን እየለየ፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፤ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይዘልቀዋል። የእንግሊዝኛ አስተማሪም አጭር ጽሑፍ መርጦ በአንደኛው ቀን ፊደሉን ያስለይ፤ በሁለተኛው ቀን ቃሉን በዝግታ ያስነብብ፤ በሦስተኛው ቀን ሳያቋርጥ ያስወጣ። ብዙ ገጽ ከማገላበጥ ሦስት መስመር በደንብ መያዝ ይበልጣል።

ሁለተኛው እርከን የቃላት ተራ ነው፤ የሰዋስው ልቡም ይህ ነው። በአማርኛ «ውሻው ሰውየውን ነከሰው» እንላለን። ተራውን ለውጠን «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» ብንልም የነከሰው ያው ውሻው ነው፤ በ«ሰውየውን» መጨረሻ ያለችው «ን» የተነከሰውን ለይታ ስለምታሳይ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ከግእዝም ያውቀዋል፤ «ኅብስት» የነበረው «በልዐ ኅብስተ» ሲባል መጨረሻው ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ግን ይህ ምልክት በስም ላይ የለም። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ማን» ሲባል ውሻው ሰውየውን ነከሰ ማለት ነው፤ «ዘ ማን ቢት ዘ ዶግ» ቢባል ግን ሰውየው ውሻውን ነከሰ ይሆናል። ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደ ተደረገ የሚያስታውቀው ቦታው ብቻ ነው። አድራጊው ይቀድማል፤ ግሱ በመካከል ይገባል፤ ተደራጊው ይከተላል። የእኛ ግስ በመጨረሻ ስለሚመጣ፤ ተማሪው ይህን ካልለመደ እያንዳንዱን ቃል እያወቀ ነገሩን ይገለብጠዋል።

ሦስተኛው እርከን አማርኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን እንግሊዝኛ በታትኖ መናገሩ ነው። እኛ «በላሁ» ስንል «እኔ» የሚለው በግሱ ውስጥ አለ። እነርሱ ግን «አይ ኤት» ብለው «እኔ» የሚለውን ለብቻው ሳያስቀድሙ አይናገሩም። እኛ «አይበላም» ስንል አፍራሹ ቃል ከግሱ ፊትና ኋላ ተጣብቆአል፤ በእነርሱ ዘንድ «ኖት» ራሱን ችሎ ከግሱ በፊት ይቆማል። እኛ «ከምግብ በኋላ» ስንል «በኋላ» መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እነርሱ «አፍተር» ብለው ያስቀድሙታል። እኛ «አምስት ቀን» ብንል ይበቃናል፤ እነርሱ «ፋይቭ ዴይስ» ብለው ቀኑን ያበዙታል። በዚያውም ላይ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እናንተ የምንለው ሁሉ በእነርሱ ዘንድ «ዩ» ነው። ሽማግሌው ተማሪ «ዩ» ሲባል ተደፈርሁ እንዳይል፤ ቋንቋው አክብሮቱን የሚያሳየው በሌላ መንገድ መሆኑን አስተማሪው ቀድሞ ይንገረው። አስተማሪው ራሱ ግን በአማርኛ ሲያነጋግራቸው «አንቱ» ማለቱን አይርሳ፤ ከላይ ያነሣነው ኀፍረት ግማሹ በዚህ ይወገዳል።

እንግዲህ ወደ መድኃኒቱ ሣጥን እንመለስ። «ዱ ኖት ዩዝ አፍተር» ከሚለው ቃል ውስጥ ሦስቱን እርከን ሁሉ እናገኛለን። «ዩዝ» ማለት ተጠቀም ነው። «ኖት» ግን ከግሱ ቀድሞ ትእዛዙን አፍርሶታል፤ እርስዋን የዘለለ አንባቢ ተቃራኒውን ይፈጽማል። «አፍተር» ደግሞ የሚገዛው ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀን ነው። ያ ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚጻፍ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ከእኛ 7 ዓመት፤ ከጥር ገደማ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይበልጣል። በሌላ ሣጥን ላይ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ የሚሉ ሦስት ፊደላት ቢገኙ ትርጓሜአቸው ይኸው የማብቂያ ጊዜ ነው፤ ኤም፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉት ግን የተሠራበትን ጊዜ ያመለክታሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ መለየት ይገባል።

ስለዚህ ለቢቸናና ለሞጣ፤ እንዲሁም ለመሰሎቻቸው ከተሞች የማታ አስተማሪዎች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፋችሁ ተማሪው ከቤቱ ያመጣው ዕቃ ይሁን። አንዱ ባዶ የመድኃኒት ሣጥን ያምጣ። ሌላው የዩሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ይገልብጥ፤ 46 የሚለው ቁጥር ከመቶው እጅ አርባ ስድስቱ ናይትሮጅን መሆኑን፤ ከ50 ኪሎውም 23 ኪሎ እንደሚሆን በዚያው ያስላ። «ፖይዝን» ማለት መርዝ፣ «ቢፎር» በፊት፣ «ትዋይስ» ሁለት ጊዜ፣ «ዴይሊ» በየቀኑ፣ «ቺልድረን» ልጆች ማለት መሆኑን ተማሪው ከዕቃው ላይ ያንብብ። «ናውን» እና «አድቨርብ» የሚባሉት ስሞች ነገሩ ከገባው በኋላ ቢመጡ ይደርሳሉ።

ለተማሪዎቹ ደግሞ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂላችን ዕድሜን አልወሰነም። በቀን ግማሽ ሰዓት በየቀኑ ማጥናት በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከመዋል ይሻላል። ያልገባችሁን የመድኃኒት ጽሑፍ ግን ገምታችሁ አትለፉ፤ የጤና ባለሙያውን ጠይቁ። አላውቅም ብሎ መጠየቅም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

በሐሳባችን ያየነው አባት ከጥቂት ወራት ትምህርት በኋላ የእንግሊዝኛ ሊቅ አይሆንም። ነገር ግን ሣጥኑን አንሥቶ «ኖት» የምትለዋን ትንሽ ቃል ለይቶ ያነባል፤ ዓመቱንም ወደ እኛ መልሶ ይቈጥራል፤ መድኃኒቱንም ከልጁ ያርቃል። ለመጀመሪያው የመሰላል እርከን ይህ በቂ ፍሬ ነው።