የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ስልኮችና የእኛ ተስፋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ምን እንናገር ብለን በተሰበሰብን ጊዜ ሐሳባችን ብዙ ነበረ። አንዳንዶቻችን ስለ ሕክምና፥ አንዳንዶቻችን ስለ እርሻ፥ ሌሎቻችንም ስለ ሕዋ እንድንናገር ፈለግን። በመጨረሻ ግን ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፥ ‹‹ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ነገር ለምን አንናገርም?›› ቢል ሁላችንም ሣቅን፤ ሥቀንም ተስማማን። በክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል መሆኑን አልረሳንም፤ በኪሳችን ስንል ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማለታችን መሆኑን መምህሮቻችን እንዲረዱልን እንለምናለን። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘመናዊው ስልክ፥ ይልቁንም እኛ ሕፃናት ሳለን ወደየቤታችን ስለ ገቡት ስለ መጀመሪያዎቹ ስልኮች ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የነገሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። ስልክ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የስልክና የቴሌግራም መስመር የመዘርጋት ሥራ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ።

ስልክን ከኮምፒዩተር ጋር አጣምሮ ለመሥራት ግን በሌላው ዓለም ቀደም ብሎ ተሞክሮ ነበር። ‹‹ሲሞን›› የተባለው የአይቢኤም ስልክ በነሐሴ 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ሲሆን፥ ባትሪው ለአንድ ሰዓት ያህል ንግግር ብቻ ይበቃ ነበር። ብዙ ሳይቆይም ከገበያ ጠፋ። ዓለሙን የለወጠው ግን ጥር 1 ቀን 1999 ዓ.ም. ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለሕዝብ ያሳዩት አይፎን ነው። ይህ ስልክ በመስተዋቱ ላይ በጣት ብቻ የሚታዘዝ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ተደነቀ። ይሁን እንጂ ዛሬ ሕፃን እንኳ የሚጠብቀውን ብዙ ነገር አያውቅም ነበር። ተንቀሳቃሽ ሥዕል አያነሣም፤ ጽሑፍን ከአንድ ቦታ ገልብጦ በሌላ ቦታ ማኖርን እንኳ የተማረው በ2001 ዓ.ም. ነው። አፕ የሚባለውን፥ ማለት ለአንድ ልዩ ሥራ የተዘጋጀውን ፕሮግራም፥ ባለቤቱ እንደ ፈቃዱ መርጦ ለመጫን የቻለው የአፕ መደብሩ ሐምሌ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ነው፤ በዚያም ቀን በመደብሩ የነበሩት አፖች 500 ያህል ነበሩ። በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ደግሞ በአንድሮይድ የሚሠራው የመጀመሪያው ስልክ ለገበያ ቀረበ። እኛም አብዛኞቻችን የተወለድነው በ1999ና በ2000 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ዘመናዊው ስልክ እኩያችን ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ወደ እኛ ቤቶች ግን ይህ እኩያችን የደረሰው ዘግይቶ ነው። ብዙዎቻችን ‹‹ታች›› ስልክ በቤታችን ያየነው አምስት ወይም ስድስት፥ አንዳንዶቻችንም ስምንት ዓመት ሲሆነን ነው። አንዱን ታላቅ ወንድም ከመርካቶ ገዝቶ አመጣው፤ አንዱን አባት ከሥራ ጓደኛቸው አሮጌውን ገዙት፤ አንዱን ደግሞ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄደች አክስት በሰው እጅ ላከችው። አመጣጡ ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ አቀባበሉ አንድ ነበር። ዳንቴል በለበሰው ቡፌ ላይ፥ የሕፃን እጅ በማይደርስበት ቦታ፥ እንደ ክቡር እንግዳ ይቀመጣል። ከመስተዋቱ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ እንዳይነሣ ይታዘዛል፤ በአንዳንዱ ቤትም ዓመት ሙሉ ሳይነሣ ቆይቷል። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ስልኩ የጮኸ እንደ ሆነ፥ በእርጥብ ጣት ቢነኩት እሺ ስለማይል፥ በአፍንጫቸው ሲነኩት አይተን ሥቀናል።

ችግሩም ብዙ ነበር። ባለ ቁልፉ ስልክ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆይ ነበር፤ አዲሱ ግን ጠዋት ጠግቦ ማታ ይራባል። መብራት የጠፋ ዕለት ቻርጀሩን ይዘን ጄኔሬተር ወዳለው ሱቅ እንሮጥ ነበር። ከአንዳችን ቤት አባት ማታ የሞሉት የ50 ብር ካርድ ጠዋት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ‹‹ማን ደውሎ ነው የጨረሰው?›› ብለው ቢጠይቁ ልጆቹ ሁሉ ማሉ። መሐላቸውም እውነት ነበር፤ ስልኩ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ አፖቹን ሲያድስ አድሮ ነው። ከዚህ የተነሣ ኢንተርኔቱ በብዙ ቤት ተዘግቶ፥ ዘፈንም ሥዕልም ጨዋታም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመረ።

እኛ ሕፃናቱ ግን ከስልኩ የምንጠብቀው ነገር ወሰን አልነበረውም። ስሙ ‹‹ስማርት››፥ ማለት ብልህ፥ ነው ስለ ተባልን ሁሉን የሚያውቅ ይመስለን ነበር። በዚያን ጊዜ ጣት ሲያሳርፉበት እውነተኛውን ከውሸተኛው የሚለይ ነው የተባለ አፕ ነበረ። ከመካከላችን የአንዱ እናት ስኳር ጎድሎባቸው ልጆቻቸውን በጠየቁ ጊዜ፥ ልጆቹ ራሳቸው በስልኩ ለመዳኘት ተስማሙ። ስኳሩን የበላው ልጅ ጣቱን ቢያሳርፍ ‹‹እውነተኛ›› ተባለ፤ ምንም ያልበላችው እኅቱ ‹‹ውሸታም›› ተብላ ተቀጣች። ያ አፕ ለጨዋታ የተሠራና እንዳጋጣሚው የሚመልስ መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። የስኳሩ ባለ ዕዳ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል፤ ይህ ንግግር ከመደረጉ በፊት እኅቱን ይቅርታ ጠይቋል።

እስከዚህ ድረስ ያወራነው የሚያሥቅ ነው። አሁን የምንናገረው ግን አያሥቅም፤ ይህንንም ለመናገር ጓደኛችንም ቤተ ሰቧም ፈቅደውልናል።

ጓደኛችን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የእናቷ ታናሽ እኅት በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስልክም የላከችላቸው እርስዋ ናት። አክስቲቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረች፥ የእጅ ጽሕፈቷም እጅግ ያማረ ነበር። እናትየውም አማርኛ በደንብ ያነባሉ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከነበሩት ስልኮች ብዙዎቹ የግእዝን ፊደል አያውቁም ነበር። በፊደላችን የተጻፈ መልእክት የመጣ እንደ ሆነ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ተራ በተራ የተደረደረ ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር። ስለዚህ አክስቲቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል ትጽፋለች፤ እናትየው ላቲን ስለማያውቁ ልጃቸውን ጠርተው፥ ‹‹ነይ ልጄ፥ ምን ይላል?›› ይሏታል። ፊደል የቈጠሩ ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ሕፃን አፍ ይነጋገሩ ጀመር።

አንድ ቀን አጭር መልእክት መጣ። ልጅቱም፥ ‹‹ሰውዬው ይመጣል፤ አትደውሉ›› ብላ አነበበችው። እናትየው፥ ‹‹አሠሪዋ ሊመጣ ነው፤ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው፤ አንረብሻት›› አሉ። አራት ወር ሙሉም ሳይደውሉ ቆዩ። በላቲን ፊደል ግን ‹‹ጠ›› እና ‹‹ተ›› በአንድ ዐይነት ይጻፋሉ። አክስቲቱ የጻፈችው ‹‹ሰውዬው ይመታል፤ አትደውሉ›› ብላ ነበር። ይህን ያወቁት እርስዋ በሰው ርዳታ ከዚያ ቤት ወጥታ ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ ነው። ‹‹እንዴት ዝም አላችሁኝ?›› ብላ ጠየቀቻቸው። ጓደኛችን ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ እንደምትሰማው ነግራናለች። እኛም ሁላችንም፥ ጥፋቱ የስምንት ዓመት ልጅ ጥፋት እንዳይደለ በዚህ በሕዝብ ፊት እንመሰክርላታለን።

አባቶቻችን፥ ‹‹ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል›› ይላሉ። በአንዲት ፊደል ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፥ ነገሩ ከምን እንደ መጣ መመርመር ይገባናል ብለን ጠየቅን፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንደ ተባለው።

የተረዳነው ይህ ነው። ስልክ ፊደልን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በቁጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በሚባለው መዝገብ ውስጥ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የግእዝ ፊደልም ቁጥሩን አግኝቷል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ስልኩ ቁጥሩን ሲቀበል የፊደሉን መልክ በውስጡ ከተቀመጠለት የፊደል ቅርጽ ስብስብ ይፈልጋል፤ መልኩን ካላገኘ በምትኩ ባዶ ሣጥን ይሥላል። እንግዲህ ያ ባዶ ሣጥን፥ ‹‹ቁጥሩ ደርሶኛል፤ መልኩን ግን አላስገባችሁልኝም›› እንደ ማለት ነበር። ሁለተኛው ችግር የመጻፊያው ገበታ ነው። ፊደላችን 33 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ቤት ስላለው፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የእጅ መዳፍ በምታህል ገበታ ላይ መደርደር አይቻልም። በኋላ ግን አንዱን ፊደል ሲነኩ የቀሩት ቤቶች ብቅ እንዲሉ የሚያደርጉ ገበታዎች ተሠሩ። የፊደሉም ቅርጽ ቀስ በቀስ ወደ ስልኮቹ ገባ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ስልክ ብልህ የሚሆነው ሰው ያስገባበትን ያህል ብቻ ነው። በሩቅ አገር የሠሩት ሰዎች ፊደላችንን ሳያስገቡ ቀርተው ሳለ፥ እኛ ዕቃውን ሁሉን ያውቃል ብለን ተቀበልነው። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የምታውቅ ሴት በእጇ በያዘችው ስልክ እንዳልተማረች ሆነች። ስኳሩን የበላውን ‹‹እውነተኛ›› ያለውና ‹‹ይመታል››ን ከ‹‹ይመጣል›› ጋር ያደባለቀው የአንድ ዐይነት እምነት ውጤት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ያስብልናል ብሎ መተው ነው።

ይህን ስንል የስልክን ጥቅም መካዳችን አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ መምህሮቻችን ትምህርቱን በቴሌግራም ሲልኩልን አንድ ስልክ ለሦስት ልጆች እየተፈራረቅን ተምረናል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ ስንልክና ስንቀበል ቆይተናል። በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን ፊት ለፊት እያየን እንነጋገራለን። በልጅነታችን ከተመኘነው ብዙው ተፈጽሟል።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ዛሬ ስልኮቻችን ፊደላችንን ያውቃሉ፤ ባዶው ሣጥን ጠፍቷል። እኛ ግን ለጓደኞቻችን ስንጽፍ አሁንም በላቲን ፊደል እንጽፋለን። ለምን ብንባል፥ ‹‹ይፈጥናል›› እንላለን። ትናንት ስልኩ ፊደላችንን አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ስልኩ እያወቀ እኛ ተውነው። በስልኩ የምናሳብብበት ዘመን አልፏል።

ስለዚህ የዘንድሮ ተመራቂዎች ለዚህ በዓል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፥ አማርኛን በገዛ ፊደሉ እንጽፋለን፤ ከመካከላችን በሌላ ቋንቋ የምንጽፍም የዚያን ቋንቋ አጻጻፍ ጠንቅቀን እንጽፋለን። ሁለተኛ፥ እስከ ፈተናው ድረስ ባሉት ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠን፥ እናቶችና አባቶች በስልካቸው በገዛ እጃቸው መጻፍና ማንበብ እንዲችሉ እናስተምራለን። የሚስጥራቸውን ቃል በልጅ አፍ ማሳለፍ የለባቸውም። የመጀመሪያዋ መምህርት ለመሆን የጠየቀችው ያች ጓደኛችን ናት፤ የመጀመሪያዋ ተማሪም እናቷ ናቸው። አክስቷም ዛሬ በዚህ አዳራሽ በእንግድነት ተገኝታለች። ባለፈው ሳምንት ታላቅ እኅቷ ልምምድ ሲያደርጉ በፊደላችን የጻፉላትን የመጀመሪያ መልእክት በስልኳ ይዛለች። መልእክቱ፥ ‹‹ደወልኩልሽ፤ አንሺ›› ይላል።

ውድ ወላጆቻችን፥ በላባችሁ አስተምራችሁናል። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፥ ‹‹ሀ›› ብላችሁ ፊደል አስቈጥራችሁናል። ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደ ልዩ ልዩ ቦታ እንበተናለን። በምንሄድበት ሁሉ ስልክ ይኖረናል። ስትደውሉልን እናነሣለን፤ ስንጽፍላችሁም አስተርጓሚ ሳያሻችሁ በምታነቡት ፊደል እንጽፋለን።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።