ጭፈራው የሁላችን ነው፤ ማግስቱስ የማን ነው?



ይህ ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ወጣቶች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። "ጽፈህ ልቀቀው" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ትንሽ አስተካክዬ ይኸው ለቀቅሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከመሃል ላይ ተነሥታችሁ እንዳትሰድቡኝ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የት ነበርክ?

ቀኑን ረስተኸው ይሆናል። ማታውን ግን አትረሳውም። ከሱዳን ጋር የተጫወትንበት እሑድ ነው። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር የመጣነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ነበረብን፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች እንድናልፍ። ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፍን 31 ዓመት ሆኖን ነበር። አስበው፣ 31 ዓመት! በዚያ ጊዜ ውስጥ የተወለደ ሰው አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ብሔራዊ ቡድኑን ግን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አንድ ቀን አላየውም።

እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ቂርቆስ ነው፤ ለስታዲየሙ ቅርብ ነን። እንኳን ጎሉ፣ ኳሷ አግዳሚውን ስትመታ እንኳ ጩኸቱ ቤት ድረስ ይሰማል። ቴሌቪዥኑን ከፍተን ቁጭ ብለናል። የሚገርምህ ነገር፣ የስታዲየሙ ጩኸት ከቴሌቪዥኑ ይቀድማል! አዳነ ግርማ ሲያገባ መጀመሪያ የሰማነው በመስኮት ነው፤ ከዚያ ነው በቴሌቪዥን ያየነው። ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ሲደግመው ግን ማንም ቴሌቪዥኑን አላየም። ቤቱ ባዶ ሆነ። እማዬ ያፈላችው ቡና ረከቦቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ለገሃር፣ ስታዲየም፣ መስቀል አደባባይ፣ በቃ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ብቻ ነው። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ጣሪያው ላይ ሰው ጭኖ ጥሩምባውን እያንባረቀ ይሄዳል። "ሒሳብ የለም ዛሬ!" ይላል ረዳቱ። የታክሲ ረዳት እኮ ነው! ሳምቡሳ የምትሸጠው እናት ትሪዋን መሬት ላይ አስቀምጣ እልል ትላለች፤ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ አላየችም። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከመኪናው ወርዶ የሊስትሮውን ልጅ አቅፎ ያለቅሳል። "ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!" የሚለው ድምፅ ከየት እንደሚጀምር አታውቅም። በቃ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል።

ያን ማታ "አንተ ከየት ነህ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መታወቂያዬን ያየ የለም። ያቀፈኝ ሰው ሁሉ ስሜን አያውቅም። ኢትዮጵያዊነትን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት ወገኔ፤ ያን ማታ በአስፋልት ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም አጨብጭባችሁልኛል። አሁን ያላወራሁትን ላውራ።

እህቴ ያን ማታ አብራኝ ነበረች። 17 ዓመቷ ነው። እጄን ይዛ ነው ያወጣችኝ፤ እንዳልጠፋባት። ስታዲየሙ አጠገብ ግርግሩ ሲጠነክር እጇ ከእጄ ወጣ። ሳገኛት የአጥር ግንብ ተደግፋ ቆማለች። ነጠላዋ የለም፤ አንዱ ጫማዋም የለም። ምን እንደሆነች ስጠይቃት "ለእማዬ እንዳትነግር" ብቻ ነው ያለችኝ። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል የሰው እጅ ሰውነቷ ላይ ነበር። ጮኻለች። ጩኸቷን ግን ከጭፈራው የለየው አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ለድል አደባባይ ወጥታ አታውቅም። ስናሸንፍ በር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፤ እኛ ስንሄድ እሷ ትገባለች።

እስቲ ንገረኝ። ለእህቴ ያልሆነ ደስታ አገራዊ ደስታ ነው? "ሁላችን አንድ ነበርን" ስንል ማንን ቆጥረን ነው?

ይህን የምለው ጭፈራውን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ከእኔ በላይ የሚወደው የለም። ስለምወደው ነው የምናገረው።

አባቴ ስለ ሩጫው ድል ሲያወራ ሌላ ዓይነት ደስታ ነው የሚነግረኝ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልጆች መሬት ላይ። መጨረሻው መቶ ሜትር ላይ ማንም አልተነፈሰም ይላል። ከዚያ እልልታው ከቤት ወደ ቤት ሄደ። አትሌቶቹ ሲመለሱ ደግሞ ከተማው ወጥቶ ተቀበላቸው። የሩጫ ድል ቤት ውስጥ ተወልዶ በኋላ ነው አደባባይ የሚወጣው፤ አያቶችም ሕፃናትም አብረው ነው የሚያከብሩት። የኳስ ድል ግን በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ለዚህም ነው ጠባቂ የሚፈልገው። ጠባቂው ደግሞ ፖሊስ ብቻ አይደለም። አንተ ነህ። ከጎንህ ያለችውን ልጅ የሚነካ ስታይ "ተው!" የምትለው አንተ ነህ። ጭፈራውን ለአንድ ደቂቃ ብታቆም ኢትዮጵያ አትቀየምህም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልግባ። ማግስቱ።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ደቡብ አፍሪካን እዚሁ አዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፍን። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ምድባችንን የጨረስን መስሎን ከተማው እንደገና ወጣ። እኔም ወጣሁ፣ ባንዲራ ትከሻዬ ላይ ጥዬ። በዚያው ቀን ነው ያ ወሬ የመጣው፤ ከቦትስዋና ጋር በነበረው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያለበት፣ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች አሰልፈናል ተባለ። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ቦትስዋና ላይ በላብ ያገኘነው ድል በወረቀት ተወሰደ።

ወገኔ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ልጆቹ ሮጠዋል። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ሠርቷል። ሕዝቡ ደግፏል። የጎደለው ምን ነበር? አንድ ሰው። ቁጭ ብሎ ካርድ የሚቆጥር አንድ ሰው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አስፋልት ላይ ሲጨፍር፣ ያቺን አንዲት መስመር ያነበበ አልነበረም።

በኋላ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድባችንን በመሪነት ጨረስን፤ ከናይጄሪያ ጋር ነው የቀረነው። ግን ያቺ ሦስት ነጥብ ከልቤ አልወጣችም።

ሌላም አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ የበላነው አዲስ አበባ ላይ ነው። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም መንግሥቱ ወርቁም እዚያ ሜዳ ላይ ነበሩ። ያ ሜዳ የእኛ ነበር፤ እንግዳው ወደ እኛ ነበር የሚመጣው።

ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ካፌ ውስጥ ወንበር ተሰበረ፣ የማላውቀው ሰው ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ሆ እያልን ወጣን። እህቴም በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እንደ ልማዷ። ግን ጨዋታው የት ነበር? ሊሎንግዌ። ማላዊ! በሜዳችን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር እኮ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ፣ የገዛ ቤታችንን ጨዋታ በሰው አገር ተጫወትን። ልጆቹ ግብፅን ሲጥሉ እናቶቻቸው ትኬት ቆርጠው ሊገቡ አልቻሉም። ቂርቆስ ያለ ልጅ ጎሉን በመስኮት ሊሰማ አልቻለም።

ያን ማታ እየጨፈርኩ ድንገት ቆምኩ። ቤት የሌለው ሰው የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ሰርግ ሲደግስ ምን ይሰማዋል? እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

አሁን "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ስታዲየም ልገንባ?" ትለኛለህ። ልክ ነህ። እኔም ከአካውንቲንግ ዲግሪዬ ሌላ ምንም የለኝም። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት የቆመ ሁሉ ያውቀኛል። "ልምድ ሁለት ዓመት" የምትለዋን መስመር ከስሜ በላይ አንብቤያታለሁ። እናንተም አብዛኞቻችሁ እንደኔ ናችሁ፤ አትደብቁኝ።

ስለዚህ የሠራሁትን ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የስምንት ቡድን ውድድር ነበር። ሁሌም በጭቅጭቅ ነው የሚያልቀው፤ "ይሄ ልጅ ቀይ አለበት" "የለበትም" እየተባለ፣ አንዳንዴም በድንጋይ። እኔ አንድ ደብተር ገዝቼ ሄድኩና "መዝጋቢ ልሁን" አልኩ። ሣቁብኝ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም፣ ጎል፣ ቢጫ፣ ቀይ መዘገብኩ። የመዋጮውንም ሒሳብ ያዝኩ፤ ለኳስ ስንት፣ ለዳኛ ውሃ ስንት።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ የሰፈራችን አጥቂ ሁለት ቢጫ ነበረበት። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ልል ፈልጌ ነበር። ምርጥ ልጃችን እኮ ነው! ከዚያ ያ የሰኔ ማታ ትዝ አለኝ። ደብተሩን ገልጬ አሳየሁ። ልጁ ተቀመጠ። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ለሳምንት ያህል የሰፈሩ ልጆች ሰላምታ ነሡኝ፤ "ለማን ነው የምትደግፈው?" አሉኝ።

በስምንተኛው ቀን ያ አጥቂ ራሱ መጣ። "ብሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት ካርዴን ቀድመህ ንገረኝ፤ እጠነቀቃለሁ" አለኝ።

በቃ። ለእኔ ከዚያ በላይ ዋንጫ የለም።

አየህ፣ በድል ማታ የምናሳየው ነገር እውነት ነው። ውሸት አይደለም። ረዳቱ ሒሳብ የለም ያለው ከልቡ ነው። ሰውዬው ሊስትሮውን ያቀፈው ከልቡ ነው። ጥያቄው ያ ልብ በማግስቱ ጠዋት የት ይሄዳል ነው። ሰኞ ጠዋት ረዳቱ አሮጊቷን "ፈጠን በይ!" ይላታል። ሰውዬው መስታወቱን ዘግቶ ያልፋል። አስፋልቱ ላይ የተጣለውን ፕላስቲክ የሚጠርጉት እነዚያው የጽዳት እናቶች ናቸው፤ አገር ስትጨፍር ያደረችበትን ቆሻሻ ሌሊት ተነሥተው ይለቅማሉ። ያን ደስታ በመጥረጊያ ሲገፉት አንድ ቀን ቆም ብለህ አይተሃቸዋል?

ሦስት ነገር ብቻ ልለምናችሁ።

አንደኛ፦ ለሚቀጥለው ድል ስንወጣ እህቶቻችንን ይዘን እንውጣ፤ ይዘናቸውም እንመለስ። በየሰፈሩ አሥር አሥር ልጅ ተደራጅቶ ሴቶችና ሕፃናት ያሉበትን ዙሪያ ይያዝ። የጭነት መኪና ላይ የሚንጠለጠለውንም ውረድ በሉት፤ ለድል ወጥቶ ሬሳው የሚመለስ ወንድም አንፈልግም።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ ጠዋት መጥረጊያ ይዘን እንውጣ። የጨፈርንበትን እንጥረግ። ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ሦስተኛ፦ ከጭፈራው ባሻገር ካሉት ሥራዎች አንዱን ያዙ። ዳኝነት ተማሩ። መዝገብ ያዙ። የሕፃናት ቡድን አሠልጥኑ። የሰፈራችሁ ሜዳ እንዳይታጠር ደብዳቤ ጻፉ፣ ተከታተሉ። ደሞዝ የለውም፤ አውቃለሁ። ግን ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል፤ ለአገርም ለራስህም።

ብሔራዊ ቡድናችን አንድ ቀን እንደገና በገዛ ሜዳው ያሸንፋል። ያን ቀን ከቂርቆስ መስኮት ጩኸቱ ይሰማል። እኔ የምፈልገው እህቴ በሩን ከፍታ እንድትወጣ ነው፤ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትፈራ። ያን ቀን ብቻ ነው ሙሉ በሙሉ አሸንፈናል የምለው።

እስከዚያው ደብተሬን ይዣለሁ። አንተስ ምን ይዘሃል? አንቺስ? ከታች ጻፉልኝ፤ ለወንድሞቻችሁም አጋሩት።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ!